የቦንጋ ዛፍ ቅርፊት በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ

በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ የሚታየው ግንብ ድንጋይ የለበትም፤ ዛፉም እንጨት አይደለም። ጨዋታ ሠሪው በመጀመሪያ ባዶ ቅርጽ ያቆማል። ቅርጹም ከካርቶን እንደ ተሠራ ሣጥን ልሙጥና ግራጫ ነው። ከዚህ በኋላ የእውነተኛ ድንጋይ ወይም የእውነተኛ ቅርፊት ፎቶግራፍ ወስዶ ቅርጹን ያለብሰዋል። ተጫዋቹም ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ግንብ አየሁ፤ ከዛፍ ሥር ተሸሸግሁ ይላል። ይህን ልብስ ፈረንጆች ቴክስቸር ብለው ሰይመውታል፤ የእኛም ወጣቶች ያንኑ ስም ይዘውታል። እኔ ለዚህ ጽሑፍ «የገጽ ሥዕል» ብለው አንባቢ አይቀየመኝም ብዬ አምናለሁ።

ይህ አሠራር የዛሬ አይደለም። ኤድዊን ካትሙል የተባለው አሜሪካዊ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ባቀረበው ጽሑፍ በኮምፒዩተር በተሣለ ቅርጽ ላይ ሥዕል የሚለበስበትን መንገድ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከእርሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1966 ፊል ብሮዳዝ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ለሠዓሊዎችና ለንድፍ አውጪዎች ይጠቅማል ብሎ 112 ፎቶግራፎች ያሉበት አንድ አልበም አሳትሞ ነበር። በአልበሙ ውስጥ ሰው የለም፤ መልክዐ ምድርም የለም። ቅርፊት፣ ገለባ፣ አሸዋ፣ የተሸመነ ጨርቅ፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ነው። ሠዓሊዎች ምን ያህል እንደ ተጠቀሙበት እንጃ፤ የኮምፒዩተር ሊቃውንት ግን መኪና ሣርን ከአሸዋ እንዲለይ ሊያስተምሩ ሲነሡ ያንኑ አልበም እየገለበጡ ለዐሥርተ ዓመታት መፈተኛ አድርገውታል። አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ ብሎ ያካፈለው የፎቶግራፍ ክምችት እርሱ ባላሰበው ቤት ገብቶ እንጀራ ሲጋገርበት የታየው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ሁሉ ነገር ከካፋና ከቦንጋ ጋር ምን አገናኘው ትል ይሆናል። ጥቂት ታገሠኝ።

ጨዋታ የሚሠሩት ኩባንያዎች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1993 ዱም የሚባለው ጨዋታ ሲወጣ ሠሪዎቹ አንድ ብልኅ ነገር አደረጉ። ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ለብቻ፣ ሥዕሉንና ድምፁን ደግሞ በሌላ ፋይል ለብቻ አስቀመጡት። ስለዚህ ማንም ተማሪ ፕሮግራሙን ሳይነካ ሥዕሉን አውጥቶ የራሱን መተካት ቻለ። እንዲህ ያለው የማሻሻል ሥራ ሞድ ይባላል። ዛሬ በዓለም ላይ በሞድ ሥራ የተጠመዱ ወጣቶች ቍጥራቸው ብዙ ነው። አብዛኞቹ ደመወዝ የላቸውም፤ ቀን ተምረው ወይም ቢሮ ውለው ማታ የሚሠሩ ናቸው። ከእነርሱም ውስጥ አንዱ ኮረብታ ይቀርጻል፤ ሌላው ቤት ያቆማል፤ ሦስተኛው ድምፅ ይቀዳል። ሁሉም ግን የገጽ ሥዕል ይፈልጋሉ። ለአንድ መንደር ብቻ እንኳ የመሬት፣ የሣር ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የአጥር፣ የግንድ፣ የቅጠል እየተባለ በመቶ የሚቈጠር ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ዞሮ ሊያነሣ አይችልም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ፎቶግራፍ ያለው ሰው ክምችቱን በሙሉ ለማኅበሩ ማካፈል በመካከላቸው እንደ ደቦ የታወቀ ልማድ ሆነ።

በዚህ በኩል አፍሪካ የተመልካች ወንበር ላይ ብቻ ተቀምጣለች ማለት ስሕተት ነው። ፖሊ ሄቨን የሚባለው ለዓለም ሁሉ በነፃ የሚሰጥ የገጽ ሥዕል ቤተ መጻሕፍት የተመሠረተው ግሬግ ዛል በተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ቀድሞ በሦስት ስም ተለያይተው የነበሩ ክምችቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ተጠቃለው ይህን ስም ያዙ። ገንዘቡ የሚመጣው ከሚረዱት ሰዎች መዋጮ ነው፤ የሚወስደው ሰው ግን ሳንቲም አይጠየቅም። ስለዚህ በደቡብ አፍሪካ የተነሣ አለትና ሣር ዛሬ በማንኛውም አገር ሠሪ እጅ ይገኛል።

የእኛስ? ኢትዮጵያ በጨዋታ ውስጥ አልታጣችም። ሲቪላይዜሽን በሚባለው ጨዋታ አምስተኛ ክፍል ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በስድስተኛው ክፍል ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ2020 ገብተዋል። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ የተባለው ጨዋታ በሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015፣ በሦስተኛው ክፍል በ2021 ኢትዮጵያውያንን ሠራዊት አድርጎ አሰልፏል። የካፋ መንግሥት ሳይቀር በስዊድኖች የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አራተኛው ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ ውስጥ በካርታ ላይ የራሱ ቀለምና ስም አለው። አንድ የቦንጋ ተማሪ ቢፈልግ ያን መንግሥት ይዞ ሊጫወት ይችላል።

ነገር ግን ካርታ ላይ ስም መጻፍና አገሩን ማሳየት ለየቅል ናቸው። በነፃ የሚታደሉትን የገጽ ሥዕሎች ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። «የአፍሪካ መሬት» ተብሎ ሲፈለግ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ፀሓይ ያሰነጣጠቀው ቀይ አፈር፣ ቢጫ ሣርና ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናብ የማይለቀው አፍሪካ፤ ግንዱ በሽበት በሚመስል ሽበታም ሳይሆን በአረንጓዴ ሙዝ የተሸፈነ፣ በቅርንጫፉ ላይ ሌላ ተክል የበቀለበት፣ ከሥሩ ኮረሪማ የተኛበት አፍሪካ ጨርሶ የለም ባይባልም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ የካፋን አገር በጨዋታ ሊሠራ የተነሣ ሞደኛ ወይ የአውሮፓን ቅርፊት በቀረሮ ላይ ያለብሳል፤ ወይም የካላሃሪን አፈር በቦንጋ ያነጥፋል።

ቦንጋ ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ቀድሞ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ስትጠራ የነበረች፣ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የክልሉ መቀመጫ የሆነች ናት። ዙሪያዋን ያለው ደን በውስጡ ቡና ሳይተከል በቅሎ የሚገኝበት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ደን ከዓለም የሕይወት ክልል መዝገብ አግብቶታል፤ ስፋቱም ከ5 መቶ ሺህ ሄክታር በላይ ነው። የቡና የፈረንጅ ስም ከካፋ መጣ ወይስ ከዐረቡ ቀህዋ የሚለውን ክርክር ለሌላ እሑድ እንተወው። ዛሬ የምንፈልገው የቡናውን ፍሬ ሳይሆን የጥላ ዛፉን ቅርፊት ነው።

የገጽ ሥዕል አነሣስ ከተራው የፎቶግራፍ ሞያ ይለያል። ተራው ፎቶግራፍ አንሺ የሚወደውን የማለዳ ጨረር ይህኛው ይሸሸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ጥላ ከገባ ያ ጥላ ለዘለዓለም በቅርፊቱ ላይ ታትሞ ይቀራል። ጨዋታው ውስጥ ፀሓይ በምሥራቅ ስትወጣ ጥላው ወደ ምዕራብ መውደቅ ሲገባው፣ የታተመው ጥላ ወደ ሰሜን እየወደቀ ተጫዋቹን ያደናግረዋል። ብርሃኑን የሚሰጠው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ፎቶግራፉ ቀለሙን ብቻ ያቅርብ። ስለዚህ ሰማዩ በደመና ሙሉ በሙሉ የተሸፈነበት ቀን ይመረጣል። ካሜራው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዘነብል ከግንዱ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀለሙ እንዳይሳሳት ግራጫ ካርድ፣ መጠኑ እንዳይጠፋ ማስመሪያ አብሮ ይነሣል። የጉንዳን መንገድና የጉንዳን ጕድጓድ በአንድ ልክ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ማስመሪያ ከሌለው ለማንም አይጠቅምም።

በቦንጋ ደመና ሞልቷል። እንዲያውም ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ሰማይ ነው ለማለት ያስደፍራል። ችግሩ ደመናው ዝናቡን ይዞ መምጣቱ ነው። እርጥብ ቅርፊት ያብለጨልጫል፤ ብልጭታውም እንደ ጥላው ሁሉ በሥዕሉ ላይ ታትሞ ይቀራል። ስለዚህ የሚፈለገው ደመና ያለው ግን ያልዘነበበት ቀን ነው፤ ይህም በክረምት በጣት የሚቈጠር ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፀሓይ ስለምትበረታ ከሌሊቱ ጉም ገና ሳይገፈፍ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል መሽቀዳደም ግድ ይሆናል። የካሜራው መስተዋት በጉም ይሸፈናል፤ በጨርቅ ይጠረጋል፤ እንደ ገና ይሸፈናል።

ሌላም ፈተና አለ። አንዱ ፎቶግራፍ በጨዋታው ውስጥ ጎን ለጎን እየተደጋገመ ይነጠፋል። በአንድ ጥግ ላይ ጎላ ያለ ነጭ ነጥብ ካለ፣ ያ ነጥብ በየሦስት እርምጃው እየተመለሰ ምስጢሩን ያወጣዋል። በነጠላ ላይ ጥለት ሲደጋገም ውበት ነው፤ ሸማኔውም የሚመሰገንበት ነው። በቅርፊት ላይ ሲደጋገም ግን ውሸት ነው። የካፋ ዛፍ ደግሞ ነጥብ አልባ ስፍራ የለውም። እዚህ የዛፍ ሽበት፣ እዚያ የቀበሌ ያህል ብዙ ተክል የበቀለበት ሙዝ፣ ወዲያ የተላጠ ቍስል። ስለዚህ ብዙዎች ከአንድ ፎቶግራፍ ይልቅ አንዱን ግንድ ዙሪያውን ከ50 እስከ 200 ጊዜ ያነሡታል፤ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከጎረቤቱ ጋር ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ አድርገው ነው። ኮምፒዩተሩም ድርብርቡን አገናዝቦ ጕብጠቱንና ጕድጓዱን ጭምር ያወጣዋል። ዋንዛና ብሳና ለዚህ አያስቸግሩም። ዘምባባ ግን በቅጠሉ መንቀጥቀጥ የተነሣ ትዕግሥትን ያሟጥጣል፤ ጥቂት ነፋስ ከነፈሰ የሁለት ሰዓት ሥራ ከንቱ ነው።

ባለፈው የበጋ ወራት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የእግር መንገድ ላይ ይህን ስሞክር አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን እየነዱ ደረሱብኝ። ጥቂት ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፤

«ልጄ፣ ሰው የለበት፣ ከብት የለበት፤ ምኑን ነው የምታነሣው?» አሉኝ።

«የዛፉን ቅርፊት ነው አባባ።»

«ለመድኀኒት ነው?»

ጥያቄያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የጥቁር እንጨት ቅርፊት ለመድኀኒት እንደሚፈለግ በዚያ አገር የሚያውቅ ያውቃል። ለኮምፒዩተር ጨዋታ መሆኑን ስነግራቸው አልሳቁም። በበትራቸው ወደ አንድ ትልቅ ቀረሮ አመለከቱና፤

«እንግዲያውስ ያንን አንሣ፤ እሱ ያምራል። ወዲያ ማዶ ያለውን ግን ተወው፤ እሱ የአባቶች ቦታ ነው» ብለውኝ ከብቶቻቸውን ተከትለው ሄዱ።

በካፋ በልማድ የተከበሩ፣ ማንም መጥረቢያ የማያሳርፍባቸው ዛፎች አሉ። ፎቶግራፍ መጥረቢያ አይደለም፤ ቅርፊቱንም አያቆስልም። ሕግም ቢጠየቅ ዛፍን ፎቶግራፍ ማንሣት አይከለክልም። ይሁን እንጂ ያ ቅርፊት ከተካፈለ በኋላ የት እንደሚውል ማንም አያዝም። ነገ በአንድ የጦርነት ጨዋታ ውስጥ በጥይት የሚበሳ ግንድ ሊሆን ይችላል። የሽማግሌው ቃል ከዚህ አንጻር ሲታይ ከብዙ የፈቃድ ወረቀት የበለጠ ግልጽ ፈቃድና ግልጽ ክልከላ ነበር። እኔም ማዶ ያለውን አላነሣሁም። የሰው ቤት ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱን ሳይጠይቁ የጭቃ ግድግዳ ማንሣት፣ ምንም እንኳ ሰው ባይታይበት፣ ጨዋነት አይደለም።

አሁን ወደ ማካፈሉ እንምጣ። ማካፈል ሲባል በቃል ቀላል ነው፤ በኢንተርኔት መስመር ላይ ግን ክብደት አለው። ጨዋታ ሠሪዎች የሚወዱት መጠን በእያንዳንዱ ጎን 4096 ነጥብ ያለው ነው፤ ይህም በጠቅላላው 16,777,216 ነጥብ ይሆናል። ካሜራው ያነሣው ጥሬ ፋይል አንዱ 25 ሜጋባይት ነው እንበል። 1,200 ፎቶግራፍ ያለው ክምችት 30 ጊጋባይት ይመዝናል ማለት ነው። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ይህን መላክ መብራት ሳይጠፋ፣ መስመሩም ሳይቋረጥ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ያልተቋረጠ 13 ሰዓት ያገኘ ሰው ካለ ይንገረን! በየጎኑ ወደ 2048 ነጥብ ተቀንሶ አንዱ 2 ሜጋባይት እንዲሆን ቢታመቅ ግን ያው ክምችት 2.4 ጊጋባይት ይሆንና በ64 ደቂቃ ያልቃል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ክምችቱን በሁለት ወገን ያዘጋጁታል። የታመቀውን ለሁሉ ያወጡታል። ጥሬውን በትንንሽ ክፍል ቈርጠው፣ አንዱ ክፍል ሲበላሽ እርሱን ብቻ እንደ ገና መላክ እንዲቻል፣ ቶረንት በሚባለው መንገድ ያሰራጩታል። በዚህ መንገድ የወሰደ ሁሉ ለሌላው እያቀበለ ስለሚሄድ ሸክሙ በላኪው ጫንቃ ላይ ብቻ አይቀርም። አልሆነም ሲባል ደግሞ ሐርድ ዲስኩን በአውቶቡስ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ አያሳፍርም። 30 ጊጋባይት በአንድ ቀን አዲስ አበባ የሚያደርስ አውቶቡስ፣ ሲሰላ ከዚያ መስመር የማይተናነስ ፍጥነት አለው።

ከክብደቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ ፎቶግራፍ የሚሸጡ ቤቶች ሞልተዋል። ከእነርሱ የገዛ ሰው ፎቶግራፉን በጨዋታው ላይ ማልበስ ይፈቀድለታል፤ ፎቶግራፉን ራሱን ለሌላ ማደል ግን በአብዛኛው ይከለከላል። ብዙ ወጣት ሞደኛ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ገዝቼዋለሁና የእኔ ነው» ብሎ ከራሱ ፎቶግራፎች ጋር ይቀላቅለዋል። ከ1,200 ፎቶግራፍ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ቢገኝ ክምችቱ በሙሉ ይታገዳል፤ ከክምችቱ ወስደው በቅን ልቡና የሠሩ ሌሎች ሞደኞችም ሥራቸውን ያጣሉ። የሁለት ዓመት የማታ ድካም በአንድ የተሰረቀ ጡብ ሲፈርስ ማየት ምንኛ ያሳዝናል። በራስ እጅ የተነሣ ብቻ ይግባ፤ በዚህ ላይ ምሕረት አያስፈልግም።

በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ የሚሰጠው የገንዘብ ጥቅም ጥበቃ ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ያነሣው ሰው ባለመብት ስለ ሆነ በምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያካፍል የሚመርጠው ራሱ ነው። በዓለም ላይ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው ድርጅት ያዘጋጃቸው የፈቃድ ዓይነቶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው፣ «ዜሮ» የሚባለው ነው፤ ባለቤቱ መብቱን ሁሉ ይተዋል፤ ወሳጁ ስም እንኳ እንዲጠቅስ አይገደድም። ሌላው የፈለግኸውን አድርግ፤ ስሜን ግን ጥቀስ የሚል ነው። ፖሊ ሄቨን የመጀመሪያውን መርጧል። ሞደኞችም በአብዛኛው እርሱኑ ይወዳሉ። አንድ ሞድ ከዐርባ ሰው ፎቶግራፍ ሲወስድ የዐርባ ሰው ስም መዘርዘር ያሰለቻልና።

እኔ ግን ለቦንጋ ክምችት ስም የሚያስጠቅሰውን እመርጣለሁ። ምክንያቴንም በቡና ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጌሻ አካባቢ፣ የቡና ዘር ተለቅሞ ወጣ። በኬንያና በታንጋኒካ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። በዚያም ለዐሥርተ ዓመታት ማንም ሳያስበው ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ በተደረገው የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቶ ዓለምን አስገረመ፤ ዋጋውም ሰማይ ነካ። የቦታው ስም ግን በመንገድ ላይ ሳለ ፊደሉ ተሳስቶ ጌሻ መባሉ ቀርቶ «ጌይሻ» ሆነ። ዛሬ በሩቅ አገር ያንን ቡና ከፍ ባለ ዋጋ የሚጠጣ ሰው ስሙ ከጃፓን ዘፋኝ ሴቶች የመጣ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ዘርና ፎቶግራፍ አንድ አይደሉም የሚለኝ አንባቢ እውነት አለው። ዘር ከወጣ በኋላ በሌላ አገር በቅሎ ከአገሩ ገበሬ ጋር በገበያ ይፎካከራል። ስለዚህም መንግሥት የጄኔቲክ ሀብት አርካቦትን በአዋጅ ቍጥር 482/1998 ወስኖ፣ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ አድርጓል። የቅርፊት ፎቶግራፍ በሺህ እጅ ቢባዛ ግን ቀረሮው ከቦንጋ አይነቀልም፤ ማንም ገበሬ ገበያ አያጣም። ታዲያ ለምን ትሣሣለህ? እኔ ፎቶግራፉን አልሣሣበትም፤ የምሣሣው በስሙ ነው። ስም የጠፋበት የቦንጋ ቅርፊት «የጫካ ግንድ ቍጥር 7» ይባላል፤ በአማዞን ጨዋታም ላይ ይለበሳል። ያን ጊዜ ካፋ ለዓለም ሰጠች የሚል ማስረጃ አይኖርም፤ ካፋን ሊያሳይ የሚፈልግ ሞደኛም ፈልጎ አያገኘውም።

በፋይሉ ስም ላይ «ቦንጋ» ብሎ መጻፍ ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም። የሞድ አሠራር ራሱ ስሙን ያጠፋዋል። ጨዋታው ያለበሰውን አሮጌ ሥዕል በአዲስ ለመተካት የሚፈልግ ሞደኛ ለአዲሱ ፋይል የአሮጌውን ስም መስጠት አለበት፤ ጨዋታው የሚጠራው በዚያ ስም ነውና። የቱንም ያህል አሳምረን ብንሰይመው ወደ ጨዋታው በገባ ጊዜ ስሙ ይለወጣል። ስለዚህ ስሙ መኖር ያለበት ሞደኞች ከሥራቸው ጋር በሚያወጡት የምስጋና ዝርዝር ላይ ነው። እዚያም የእያንዳንዱ አንሺ ስም አያስፈልግም። ባለመብቶቹ ተስማምተው «የገጽ ሥዕሎቹ የተነሡት በካፋ፣ በቦንጋ ዙሪያ ነው» የምትል አንዲት መስመር እንድትጻፍ ቢጠይቁ ፈቃዱ ይህን ያስተናግዳል። አንድ መስመር ደግሞ ማንንም አያሰለችም።

ስም ማስጠቀስ አንዳንዱን ወሳጅ ሊያሸሽ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ከዐሥር ሞደኞች ሦስቱ ሸክም ነው ብለው ቢተዉት ሰባቱ ይበቁናል።

የካፋ ነገር በሥዕል ተከማችቶ ወደ ውጭ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው አይሆንም። ፍሪድሪክ ዩሊየስ ቢበር የተባለው የቪየና ሰው እ.ኤ.አ. በ1905ና በ1909 ካፋ ድረስ ዘልቆ፣ የሕዝቡን ኑሮ ጽፎ፣ ዕቃም ሰብስቦ ተመልሷል። ሁለት ክፍል ያለው ትልቅ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1920ና በ1923 ነው። የሰበሰበው ዕቃ ዛሬም በቪየና ይገኛል። ካፋ ነፃ መንግሥትነቷን ያጣችው እ.ኤ.አ. በ1897 ስለ ሆነ፣ እርሱ ሲደርስ የቀድሞውን ሥርዐት በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። ጸሓፊው እ.ኤ.አ. በ1924 ሞቷል፤ ከሞተ መቶ ዓመት ስላለፈ የእርሱን ሥዕሎች ለመጠቀም የሚከለክል የለም። የጥንቱን የካፋ ጋሻ ወይም የቤት ዕቃ በጨዋታ ሊሠራ የሚፈልግ ወጣት ቅርጹን ከዚያ ሊያገኝ ይችላል። ቀለሙን ግን አያገኝም፤ በዚያ ዘመን የነበረው ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነውና። ቀለሙ ያለው እዚሁ ነው፤ በእንሰቱ ቅጠል፣ በቀርከሃው አጥር፣ በሣሩ ክዳን ላይ።

ይህን ሥራ ማን ይሥራው ቢባል፣ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ቅርብ ናቸው። የዛፉን ስም በካፍኛ፣ በአማርኛና በሳይንስ ቋንቋ አጣርቶ ከፎቶግራፉ ጋር የሚያኖር የዕፀዋት ተማሪ አለ፤ ድርብርቡን የሚያገናዝብ የኮምፒዩተር ተማሪም አለ። ብሌንደርና ጊምፕ የሚባሉት ፕሮግራሞች ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው። ካሜራ ከሌለ በደህና ስልክ መጀመር ይቻላል፤ ስልኩ በእጅ እንዳይንቀጠቀጥ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይታሰር እንጂ። ለአንድ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ቁም ነገር አለው፤ ከማኅደር ገብቶ አቧራ ከሚጠጣ ጥናት ይልቅ በብዙ ሺህ ሰው ዐይን ፊት የሚውል ነው።

የወጣቱ ሹም ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው። ተማሪ ካሜራና መቆሚያ ይዞ ወደ ደን ሲገባ የሚጠይቀው ዘበኛ አለ፤ ዘበኛውም የሚጠይቀው ወረቀት አለ። የቅርፊት ፎቶግራፍ ማንሣትን ከማዕድን ፍለጋ ሳይለይ ለሦስት ሳምንት «ነገ ተመለስ» የሚል ጽሕፈት ቤት የበጋውን ወራት በሙሉ ሊያስመልጥ ይችላል። ደመናማውና ደረቁ ንጋት የሚገኘው በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ መሆኑን ከላይ ተናግሬአለሁ። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ የትኞቹ ዛፎች እንደማይነሡ ከሽማግሎች ጋር ተመክሮ የተጻፈበት፣ በጥቅምት መጨረሻ ተፈርሞ ቢቀመጥ ኅዳር ሲገባ ሥራው ይጀመራል። ከከተማው ዙሪያ ያሉት ግንዶች በመጀመሪያው በጋ ሊያልቁ ይችላሉ። በደጋው በአዲዮ በኩል ያለው ቀርከሃ ግን ራሱን የቻለ ጉዞ ስለሚፈልግ ለሁለተኛው ዓመት ቢቆይ ይሻላል።